ለጨንቻ መንገድ የተለካ ጭንቅላት

[አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፤ እሑድ ረፋድ። አቶ ሸዋንዳኝ ግቢያቸው በር ላይ ቆመዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ የቀረው ደመወዙ ነው እንጂ ማስተማሩስ አልቀረም። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፣ ባርኔጣ ደፍተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፤ ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። ፊት ለፊታቸው በርናባስ ሞተሩን ደግፎ ቆሟል። ጎረቤታቸውም የድሮ ተማሪያቸውም ነው፤ ከጫሞ ዓሣ በሞተር እያመላለሰ ይኖራል። ዛሬ ጨንቻ ከአባቷ ዘንድ ጸዳለ በሚስትነት የምትጠየቅለት እሱ ነው። ራሱ ላይ ያጠለቀው ሄልሜት አፍንጫው ድረስ ወርዶ ወደ ጎን ዞሯል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ሸዋንዳኝ፦ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አሁን የማወራው ከፊትህ ጋር ነው ከጆሮህ ጋር?

በርናባስ፦ ከፊቴ ጋር ነው ጋሼ። ትንሽ ዞሮብኝ ነው።

ሸዋንዳኝ፦ ትንሽ ነው የምትለው? እኛ ወደ ጨንቻ ልንወጣ ነው፣ ሄልሜትህ ወደ ጊዶሌ ያያል። ሁለታችሁ እዚሁ ልትለያዩ ነው መሰለኝ።

በርናባስ፦ ልክ ነው እኮ ጋሼ። ሰፋ ያለ ልክ ነው።

ሸዋንዳኝ፦ ሰፋ ያለ ልክ የሚባል ነገር የለም። ልክ ልክ ነው፣ ሰፊ ሰፊ ነው። አንተ ያጠለቅከው ደግሞ ባልዲ ነው።

በርናባስ፦ ባልዲ እጀታ አለው።

ሸዋንዳኝ፦ ልዩነቱን ስላስረዳኸኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ስምንተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ያስተማርኩህ ለካ በከንቱ አይደለም። ከየት ነው ያመጣኸው?

በርናባስ፦ ጨንቻ ወጥቼ ነው የገዛሁት። ሱቅ ውስጥ ስለካው ልክክ ብሎ ነበር።

ሸዋንዳኝ፦ ልክክ ያለው እዚያ ቀርቶ ነዋ ሌላው የመጣው።

በርናባስ፦ አይ፣ ይኸው ራሱ ነው። ብርድ ስለነበረ የሱፍ ኮፍያ አድርጌ ነበር፤ በኮፍያው ላይ ለካሁት። እዚህ ስወርድ ሞቀኝና ኮፍያውን አወለቅኩት።

ሸዋንዳኝ፦ [ዓይናቸውን ጨፍነው] ቆይ፣ በደንብ ልረዳው። ሄልሜቱን የለካኸው ለኮፍያህ ነው።

በርናባስ፦ ለጭንቅላቴ ነው፤ ኮፍያው መሐል ገብቶ ነው።

ሸዋንዳኝ፦ ስለዚህ አሁን ጭንቅላትህ እዚህ ነው፣ ልኩ ጨንቻ ነው።

በርናባስ፦ እዚያ ስንደርስ ይገናኛሉ እኮ። ዶርዜ ላይ ብርዱ ሲጀምር ኮፍያዬን አደርጋለሁ፤ ያኔ ልክ ይመጣል።

ሸዋንዳኝ፦ እስከዚያስ? ያ ጠመዝማዛ ላይ ጎማህ ቢያዳልጥህ ምን ልትል ነው? «ቆይማ፣ ዶርዜ ደርሼ ኮፍያዬን ላድርግና እወድቃለሁ» ልትል ነው?

በርናባስ፦ ጠመዝማዛው ላይ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።

ሸዋንዳኝ፦ ቀስ ብሎ የወደቀም ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው።

በርናባስ፦ ግን ጋሼ፣ ጭንቅላትስ ብርድ ላይ አይጠብም? ቆርቆሮ እንኳ ሌሊት ሲበርደው ይንኳኳል።

ሸዋንዳኝ፦ የሰው ጭንቅላት ቆርቆሮ አይደለም። የአንተን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። [ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ] ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን አንተን ቀድመው አይተውህ ነው። ለመሆኑ ጸዳለ ምን ነበር ያለችህ? እስኪ ድገምልኝ።

በርናባስ፦ «አባቴ ቤት በሞተር የምትመጡ ከሆነ ሄልሜቱ በልክ ይሁን» አለችኝ። «የሰው ጭንቅላት መስፋት ሰልችቶኛል» አለችኝ።

ሸዋንዳኝ፦ ነርስ ናት፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሠራው፤ የምታወራውን ታውቃለች።

በርናባስ፦ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሄልሜት አለው አለች። ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ነው የሚመጣው። ክርኑ ላይ ጭረት የለም፣ ጭንቅላቱ ግን ተከፍቷል።

ሸዋንዳኝ፦ የአርባ ምንጭ ሞተረኛ ክርኑን የሚወደውን ያህል ጭንቅላቱን ቢወድ ኖሮ አገር በተለወጠ። አንተም ያው ነህ። ትራፊክ ስታይ ታጠልቃለህ፣ ስታልፈው ታወልቃለህ።

በርናባስ፦ ትራፊኩ ይቀጣል እኮ።

ሸዋንዳኝ፦ አስፋልቱስ? አስፋልቱ እንደ ትራፊኩ ፊሽካ ነፍቶ «ቁም፣ ልመታህ ነው» ይልሃል? እና ጸዳለ ካላደረግክ ምን አለች?

በርናባስ፦ በር ላይ ቆማ ራሷ ልትፈትሽ ነው። በልክ ካልሆነ ሽማግሌውም ይመለሳል፣ ነገሩም ይቀራል አለች። አባቷ ደግሞ ዛሬ እኛን ካልሰሙ በሳምንቱ ከሐዋሳ የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ እነሱን ሊሰሙ ነው። ልጁ ባንክ ነው የሚሠራው።

ሸዋንዳኝ፦ በመኪና የሚመጣ።

በርናባስ፦ በመኪና።

ሸዋንዳኝ፦ ሄልሜት የማያስፈልገው።

በርናባስ፦ [ድምፁ ዝቅ ብሎ] አዎ ጋሼ። እኔ ግን ያለ እሷ አይሆንልኝም። ዓሣ ስመዝን እንኳ እሷን እያሰብኩ ለሰው አብዝቼ እሰጣለሁ።

ሸዋንዳኝ፦ እሱን ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ረቡዕ ረቡዕ የምገዛው ለዚያ ነው። የማይገባኝ እንዲህ ያለች አስተዋይ ልጅ አንተን እንዴት እንደወደደች ነው።

በርናባስ፦ እኔም አልገባኝም። ብጠይቃት ታስብበታለች ብዬ ተውኩት።

ሸዋንዳኝ፦ ይኼ በሕይወትህ ያሰብከው የመጀመሪያው ብልህ ነገር ነው። ለማንኛውም አባቷን ለእኔ ተውልኝ። ጨንቻ አብረን አስተምረናል፤ ከእኔ አፍ የወጣውን ይሰማል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች፣ ካሳና ፋኑኤል፣ ቢሄዱም ያለ እኔ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ትራሶች ናቸው።

በርናባስ፦ እነሱ በጠዋቱ ሚኒባስ ወጥተዋል። እርስዎም አብረዋቸው ቢሄዱ ኖሮ…

ሸዋንዳኝ፦ እኔ በዚያ መስመር ሚኒባስ አልሳፈርም ብዬ ከረዳቱ ጋር ተማምለናል። ለሦስት ሰው የተሠራ ወንበር ላይ አምስተኛ አድርጎ ሲያስቀምጠኝ ስለ ስበት ሕግ አስረዳሁት፤ እሱ ደግሞ «አባት፣ ጠጋ ይበሉ» አለኝ። ከሱ ይልቅ ከአንተ ጋር ብወድቅ ይሻለኛል።

በርናባስ፦ ከወደቅንስ ጋሼ፣ እርስዎስ? ለእርስዎም አንድ ሄልሜት…

ሸዋንዳኝ፦ ጀመረህ? [ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ] እኔ ሽማግሌ ነኝ። ሽማግሌ በባርኔጣ ነው የሚሄደው። ይህን ነገር አበቡ ክረምቱን ሙሉ ስትለፈልፍ ከረመች፤ ባሏ ነኝና ታገሥኳት፤ በመጨረሻ ረታኋት። ልጄ ፌቨን ከአዲስ አበባ እየደወለች ለፈለፈች፤ እሷንም ረታኋት።

በርናባስ፦ እንዴት አድርገው ረቷቸው?

ሸዋንዳኝ፦ በሳይንስ። ሞተር ሲጋጭ ከኋላ ያለው ሰው ወዴት ነው የሚሄደው?

በርናባስ፦ ወደ ሆስፒታል።

ሸዋንዳኝ፦ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ፊት ለፊት ማን አለ? ነጂው። ስለዚህ የሚያርፈው ነጂው ላይ ነው። ነጂ ደግሞ ለስላሳ ነው።

በርናባስ፦ ለስላሳው እኔ ነኝ?

ሸዋንዳኝ፦ ለዛሬ አንተ ነህ። ለዚህ ነው ያንተ ጭንቅላት መጠበቅ ያለበት፤ እኔ የማርፍበት ነው።

[የበርናባስ ስልክ ይጮኻል። ሄልሜቱ ውስጥ ወደ ጆሮው ለማስገባት ይሞክራል፤ ስልኩ ገብቶ ይጠፋል፤ ይፈልገዋል፤ ያገኘዋል። ጥቂት አውርቶ ይዘጋል።]

ሸዋንዳኝ፦ ማን ነው?

በርናባስ፦ አቶ ካሳ ናቸው። ዶርዜን አልፈዋል፣ ጭጋግ ነው አሉ። ለምን አልተነሣችሁም አሉኝ።

ሸዋንዳኝ፦ ምን አልካቸው?

በርናባስ፦ ጋሼ እያስተማሩኝ ነው አልኳቸው።

ሸዋንዳኝ፦ እሺ፣ እሳቸውስ?

በርናባስ፦ «እንግዲያው ምሳችንን እንብላ» አሉ።

ሸዋንዳኝ፦ ካሳ ድሮም ሆዳም ነው። በል ቶሎ እናስተካክለው።

በርናባስ፦ እኔ መላ አስቤያለሁ። [ከሞተሩ ከረጢት የተጠቀለለ የእንሰት ቅጠል ያወጣል] ይኼን ውስጡ እጎሰጉሰዋለሁ። ያቀዘቅዛልም፣ ይሞላልም።

ሸዋንዳኝ፦ ሄልሜት ልታደርግ ነው ወይስ ቆጮ ልትጋግር?

በርናባስ፦ ቆጮ ሲጋገርበት እንኳ ቅጠሉ አይቃጠልም እኮ።

ሸዋንዳኝ፦ በርናባስ፣ ጸዳለ በር ላይ ቆማ ሄልሜትህን ስታነሣው ጭንቅላትህ በቅጠል ተጠቅልሎ ብታገኘው በሳምንቱ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ነው ሐዋሳ የምትደውለው። ጣለው። እየው፣ የሄልሜት ልክ ሕግ አለው። አንደኛ፣ ጉንጭህን ግጥም አድርጎ ይያዝ።

[በርናባስ ሁለት ጉንጩን በአየር ይነፋል።]

ሸዋንዳኝ፦ ምን እያደረግክ ነው?

በርናባስ፦ [ጉንጩን እንደነፋ] ምምም።

ሸዋንዳኝ፦ ተናገር።

በርናባስ፦ [አየሩን አውጥቶ] ሞልቼው ነበር፤ አየሩን አስለቀቁኝ።

ሸዋንዳኝ፦ ጉንጭህን ነፍተህ እስከ ጨንቻ ልትሄድ ነው? ትራፊክ መንጃ ፈቃድ ሲጠይቅህ ምን ልትለው ነው፤ ምምም ልትለው ነው? ጉንጩ ወደ ሄልሜቱ አይሄድም፤ ሄልሜቱ ነው ወደ ጉንጩ የሚመጣው። ሁለተኛ፣ ጠርዙ ከቅንድብህ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ይሁን። ግንባርህን ይሸፍን፣ ዓይንህን አይከልል።

[በርናባስ ሄልሜቱን ወደ ላይ ገፍቶ ሁለት ጣቱን ሥሩ ይሸጉጣል።]

በርናባስ፦ ገባኝ። ግን እጄ እዚህ ከዋለ ሞተሩን በምን እይዛለሁ?

ሸዋንዳኝ፦ እኔ የምልህ፣ የጫሞ አዞ ጭቃ ውስጥ የሚተኛ ፍጡር ነው፤ እሱ እንኳ የተሰጠውን ቆዳ በልኩ ለብሶታል። ሰው ሁሉ እየተገረመ የሚያየው ለዚህ ነው። ጣትህን አውጣ።

በርናባስ፦ ሳወጣው ይወርዳል።

ሸዋንዳኝ፦ እንዲወርድ እኮ ነው የገዛኸው።

በርናባስ፦ ጋሼ፣ እኔ በቃል ሲነግሩኝ አይገባኝም። ያኔም ክፍል ውስጥ እርስዎ ካርታውን እየጠቆሙ ሲያሳዩን ነው ይገባኝ የነበረው።

ሸዋንዳኝ፦ ያኔም አይገባህም ነበር፤ አባያን ከጫሞ በታች ነው የሣልከው። ሁለቱንም ከመስኮት እያየህ።

በርናባስ፦ ቢሆንም እርስዎ ሲያሳዩ ደስ ይላል።

ሸዋንዳኝ፦ [ምስጋና ሲያገኙ ትከሻቸው ቀና ይላል፤ ይኼ ደዌያቸው ነው] አምጣ ወዲህ። ይህን ባርኔጣ ያዝልኝ፤ በጫፉ ያዘው፣ በዓሣ እጅህ እንዳትጨምቀው። አሁን ዓይንህን ከፍተህ ተመልከት። ሄልሜት እንደ ኮፍያ አይወረወርም፤ ማሰሪያውን ግራና ቀኝ ይዘህ ከፈት ታደርገዋለህ፣ ከፊት ትጀምራለህ፣ ወደ ኋላ ትስበዋለህ። [እየታገሉ ያጠልቃሉ] አየህ፣ ሲገባ ይታገላል። ሳይታገል የገባ ሄልሜት ሳይታገል ይወጣል።

በርናባስ፦ ኧረ ያምርብዎታል ጋሼ።

ሸዋንዳኝ፦ ስለ ማማር አልጠየቅኩህም። [ቢሆንም ጎንበስ ብለው በሞተሩ መስታወት ራሳቸውን ያያሉ፤ ትንሽ ቆየት ይላሉ] ጉንጬን እየው። ተይዟል?

በርናባስ፦ ተይዟል።

ሸዋንዳኝ፦ ቅንድቤስ?

በርናባስ፦ ይታያል። ግንባርዎ የለም።

ሸዋንዳኝ፦ ግንባሬ አለ፤ ተሸፍኖ ነው። ደግሞ ተአምር ነው፣ ዓሣ አይሸትም።

በርናባስ፦ አዲስ ስለሆነ ነው። ግን ጋሼ፣ ለእርስዎ ልክ የሆነው ጭንቅላትዎ ትልቅ ስለሆነ ነው።

ሸዋንዳኝ፦ ትልቅ አይደለም፣ ሙሉ ነው። ባዶ ጭንቅላት ነው ሄልሜት ውስጥ የሚንከራተተው። ሦስተኛ፣ ንቅነቃ። ጭንቅላቴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስነቀንቅ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ አይረባም፤ የፊቴ ቆዳ አብሮ ከተጎተተ ልክ ነው። ተመልከት። [ይነቀንቃሉ]

በርናባስ፦ ምን አጠፋሁ?

ሸዋንዳኝ፦ ማን አጠፋህ አለ?

በርናባስ፦ እምቢ እያሉ ነዋ።

ሸዋንዳኝ፦ እምቢ አላልኩም፤ እየነቀነቅኩ ነው። ቆዳዬን እየው አልኩህ እኮ።

በርናባስ፦ ቆዳዎ አብሮ ይሄዳል። ጉንጭዎ ሁለቱም ተጨምቆ አፍዎ እንደ ቆሮሶ ሆኗል።

ሸዋንዳኝ፦ እንደ ምን?

በርናባስ፦ እንደ ዓሣ። ጥሩ ዓሣ ነው ግን፤ ቶሎ ይሸጣል።

ሸዋንዳኝ፦ ለሽምግልና በወጣሁበት ቀን ዓሣ አደረግከኝ። እሺ፣ አሁን ዋናው መጣ። ማሰሪያው። ይኼ ካልታሰረ የምታደርገው ሄልሜት አይደለም፣ ክዳን ነው። ሰውዬው ገደል ሲገባ ክዳኑ መንገድ ላይ ይቀራል፤ መንገደኛም ያነሣውና «የማን ነው?» ይላል። ከአገጭህ ሥር ታመጣዋለህ፣ ታጠብቀዋለህ፣ አንድ ጣት ብቻ ታሳልፋለህ።

በርናባስ፦ የትኛውን ጣት?

ሸዋንዳኝ፦ የፈለግከውን ጣት።

በርናባስ፦ የእኔን ነው የእርስዎን?

ሸዋንዳኝ፦ በርናባስ፣ ዛሬ ሚስት ይሰጡሃል ብለን ነው የምንሄደው? እውነት? [ያስሩታል፤ ቀጭ ይላል] ይኸው። ድምፁን ሰማህ?

በርናባስ፦ ሰማሁ። አሁን አይወልቅም?

ሸዋንዳኝ፦ በምን ሊወልቅ? እስኪ ከኋላዬ ና። ሥሩን ይዘህ ወደ ፊት ግፋው። ደካማ ሰው ሳይሆን ዓሣ ተሸካሚ እንደሚገፋው ግፋው።

[በርናባስ ይገፋል። አቶ ሸዋንዳኝ ከነሱፋቸው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ይንደረደሩና በከዘራቸው ይቆማሉ።]

ሸዋንዳኝ፦ ሄልሜቱን ነው ያልኩህ። እኔን አላልኩም።

በርናባስ፦ ሄልሜቱን ነው የገፋሁት። አብራችሁ ሄዳችሁ።

ሸዋንዳኝ፦ [በድል] በቃ። ልክ ማለት ይኼ ነው። ሄልሜትና ጭንቅላት ተጣብቀው እንደ አንድ ሰው ሲሄዱ ነው። አሁን ገባህ?

በርናባስ፦ ቆሞ ገባኝ። ተቀምጦ ግን አልገባኝም።

ሸዋንዳኝ፦ ተቀምጦ ምን?

በርናባስ፦ ሞተር ላይ ሲቀመጡ ጀርባ ጎንበስ ይላል አይደል? ያኔ ከኋላ ኮሌታ ነክቶ ወደ ላይ እንዳይገፋው ብዬ ነው።

ሸዋንዳኝ፦ [ተደንቀው] ይኼን ከየት አመጣኸው? ጥያቄ ጠየቅክ እኮ። የደረቀ ምንጭ ፈለቀ። አዎ፣ መቀመጫው ወሳኝ ነው። [ወደ ሞተሩ ሄደው እግራቸውን ያነሣሉ]

በርናባስ፦ ከፊት አይሁን ጋሼ፤ ሞተሩ ያልለመደውን ሰው ይጥላል። ከኋላ ይሁኑ፣ እኔ ደግፌ እይዘዋለሁ።

ሸዋንዳኝ፦ [ከኋላ ተቀምጠው] ይኸው፣ ጀርባዬን እየው። ኮሌታዬን ነካ?

በርናባስ፦ አልነካም።

ሸዋንዳኝ፦ ወደ ላይ ተገፋ?

በርናባስ፦ ንቅንቅ አላለም።

ሸዋንዳኝ፦ ስለዚህ ይህን ሄልሜት ያደረገ ሰው፣ እንዲህ ያሰረ ሰው፣ ምን ይባላል?

በርናባስ፦ ምን ይባላል?

ሸዋንዳኝ፦ ሰው ይባላል። ይህን ትቶ በጠራራ ፀሐይ ጭንቅላቱን ገልጦ የሚሄደው ደግሞ ገና ያልተፈጠረ ነው። ይህን ቃል በቃል ለጸዳለ ንገራት።

በርናባስ፦ ቃል በቃል እነግራታለሁ።

[የግቢው በር በትንሹ ይከፈታል። የእትዬ አበቡ እጅ ብቻ ይወጣል። በርናባስ ባርኔጣውን ያቀብላል፤ እጁ ይቀበላል፤ በሩ ይዘጋል፤ ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ይሰማል። በርናባስ ከሞተሩ ከረጢት ሌላ ሄልሜት ያወጣል፤ ጫፉ የተጫጫረ፣ ያገለገለ ነው። ማሰሪያውን ግራና ቀኝ ይዞ ከፈት ያደርገዋል፣ ከፊት ይጀምራል፣ ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ሳያይ ያስረዋል። ከፊት ይቀመጣል።]

ሸዋንዳኝ፦ ይኼ ምንድን ነው?

በርናባስ፦ ሄልሜቴ ነው ጋሼ።

ሸዋንዳኝ፦ ሄልሜትህማ እኔ ራስ ላይ ነው።

በርናባስ፦ እሱ የእርስዎ ነው።

ሸዋንዳኝ፦ [ራሳቸው ላይ ያለውን ሄልሜት በሁለት እጃቸው እየዳበሱ] ጨንቻ የገዛኸውስ? ኮፍያውስ?

በርናባስ፦ እሱ እውነት ነው፤ ግን የአጎቴ ልጅ የሚካኤል ታሪክ ነው። ይኼ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ሰፈር ነው የተገዛው። እትዬ አበቡ አንድ የድሮ ባርኔጣዎን ሰጡኝ፤ ሱቁ ውስጥ እሱን እያስገባሁ እያወጣሁ መረጥኩ። ባለሱቁ «ሰውየው የት አለ?» ሲለኝ «እሳቸው ከመጡ እስከ ማታ አትሸጥም፣ ያስተምሩሃል» አልኩት።

ሸዋንዳኝ፦ አበቡ ታውቃለች።

በርናባስ፦ ፌቨንም በስልክ ታውቃለች።

ሸዋንዳኝ፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለመሆኑ ጸዳለ የአንተን ሄልሜት አይደል በልክ ይሁን ያለችው?

በርናባስ፦ የእኔንማ ካየችው ቆየች፤ ፈትሻ ጨርሳለች። የእርስዎን ነው ያለችኝ። ባለፈው ጨንቻ ገበያ ወስጄዎት ስንመለስ በባርኔጣ አይታዎታለች። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። እሷንም አስተምረዋት የለ? «የስንቱን ጭንቅላት ሰፍቻለሁ፤ የጋሽ ሸዋንዳኝን ግን አልችልም» አለች። «ለእኔ ብለው መጥተው መንገድ ላይ ከሚቀሩ ባል ቢቀርብኝ ይሻላል» አለችኝ። አልቅሳ ነው ያለችኝ ጋሼ። ቀልድ አልነበረም።

[አቶ ሸዋንዳኝ የሄልሜቱን የፊት መከለያ መስታወት ቀስ ብለው ወደ ታች ያወርዳሉ። ለምን እንዳወረዱት ለማንም አይናገሩም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሰው ያነሡታል።]

ሸዋንዳኝ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ከምትደክም በግልጽ አትነግረኝም ነበር?

በርናባስ፦ እትዬ አበቡ በግልጽ ነገሩዎት፤ ረቷቸው። ፌቨን በግልጽ ነገረችዎት፤ ረቷት። እኔ ደግሞ ክርክር አልችልም፤ ስለዚህ እርስዎን ከራስዎ ጋር አከራከርኩ።

ሸዋንዳኝ፦ ማን ረታ?

በርናባስ፦ እርስዎ ነዎት ጋሼ። እንደ ሁልጊዜው።

ሸዋንዳኝ፦ [ሳቃቸውን እንደምንም ውጠው ይቆጣሉ] እኔ በተማሪዬ አልታለልም። ባርኔጣዬን አስመጣ። ይኼን ማሰሪያ ፍታልኝ።

በርናባስ፦ [ሞተሩን ያስነሣል] አልችልም ጋሼ።

ሸዋንዳኝ፦ ለምን አትችልም?

በርናባስ፦ ማሰሩን ብቻ ነው ያስተማሩኝ።

[ሞተሩ ወደ ጨንቻ መንገድ ይወጣል። ከኋላ ያለው ሄልሜት ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተነቀነቀ እስኪጠፋ ድረስ ያስተምራል።]